ግንበኞቹ ምሳ ሲወጡ

መጀመሪያ የጠፋው ብርድ ልብሱ ነው። የነብር ሥዕል ያለበት፣ ወፍራሙ፣ ክረምት ሲገባ ብቻ ከላስቲኩ የማወጣው። አንድ ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ላስቲኩ ከአልጋው ሥር አለ፣ ነብሩ የለም። ልጄን ስጠይቃት አጥቤ አስጥቼዋለሁ አለችኝ። ወርጄ የልብስ ማስጫውን ገመድ አየሁ፤ የሰው አንሶላና የሰው ካልሲ ነው ያለው። ተመልሼ ወጣሁ። እኔ ስጠረጥር ዝም ነው የምለው። ቀድሞ የሚለፈልፍ ሰው የሚፈልገውን ነገር ያስደብቃል እንጂ አያገኝም።

ከዚያ በፊትም ልቤ ደህና ነገር አይነግረኝም ነበር። ልጄ ቀይ ወጥ መብላት ትታለች። በርበሬ ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል ትላለች፤ በርበሬ እየላሰች ያደገች ልጅ። በዚያ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ትጠቀልላለች። ጠዋት ስትነሳ ድምፅዋ ሻከር ብሎ ነው የሚወጣው። ዝንጅብል አፍልታ በፔርሙዝ ትይዛለች። ስትስቅ እንኳ ቆጥባ ነው። ስልኳን ከትራስዋ ሥር ታሳድራለች። ሌላ እናት ብትሆን ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። እኔም እሱን አስቤዋለሁ፤ ሆዷን አይቻለሁ፣ አረማመዷን አይቻለሁ። እሱ አልነበረም። እሱ በሆነ ይሻል ነበር ያልኩበት ቀንም አለ። ከሆዷ ይልቅ የምፈራው ለድምፅዋ ነውና።

ይህን ማስረዳት አለብኝ። ከእርሷ በፊት ሁለት ወልጃለሁ። ሁለቱም ሳያለቅሱ ነው የወጡት። አዋላጇ ገልብጣ ጀርባቸውን መታ መታ ታደርጋለች፣ እኔ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፣ ክፍሉ ጭጭ ይላል። ያንን ጭጭታ አንዴ የሰማ ሰው ከዚያ ወዲያ ዝምታ አይወድም። ሦስተኛዋን ሳረግዝ ለመድኃኔዓለም ተሳልኩ። ስትወለድ ሐኪም ቤቱን በለቅሶ ቀወጠችው። እኔም ለሰው ሁሉ፣ ለእርሷም ጭምር፣ ስናገር የኖርኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ድምፅ የመድኃኔዓለም ነው፣ ተስዬ የሰጠሁት ነው፣ ለዘፈን አይሆንም። በሰባት ዓመቷ ሰንበት ትምህርት ቤት አስገባኋት። ከመዘምራኑ ጋር ነጠላዋን አመሳቅላ ስትቆም እኔ ከኋላ ሆኜ የምሰማው የእርሷን ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ድምፅ ሻከረ። ሰው የሰጠውን መልሶ ሲነካ ባለቤቱ ይወስዳል ብዬ አምናለሁ። ድምፅ ብቻ ወስዶ ይተዋል ብዬ ግን አላምንም።

ያኔ አያት ኮንዶሚኒየም ከገባን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። ዕጣው እስኪወጣልኝ ከላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ጭቃ ቤት ተከራይተን ነው የኖርነው። አባቷ በሕይወት የለም። አዲሱ ቤት አንድ መኝታ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ዙሪያው ሁሉ ግንባታ ነበር። ጠዋት ስወጣ ሜዳ የነበረው ማታ ስመለስ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ በሳምንቱ ፌሮ ይተከልበታል፤ ክረምቱ ሳይገባ ሰው ከላዩ ሆኖ ያፏጫል። የግቢያችን ዘበኛ ራሱ የዚያ መሬት ገበሬ ነበር። ጤፍ የዘራበትን መሬት አሁን በዱላ ይጠብቀዋል። ሲሚንቶ ማቡኪያው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል፣ ፌሮ ይቆረጣል፣ ገልባጭ መኪና አሸዋውን ይደፋል። አቧራው ክዳን ያለው ድስት ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ጸጥ የሚለው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ግንበኞቹ ምሳ ሲወጡ። እስከ ሰባት ሰዓት።

እኔ ያንን ሰዓት አላውቀውም ነበር። ሥራዬ ጽዳት ነው፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ውስጥ። ሳይነጋ ወጥቼ ሲመሽ ነው የምመለሰው። ቤቴ በቀን ምን እንደሚመስል የማየው በእረፍት ቀኔ ብቻ ነው። ልጄ ቴክኒክና ሙያ ኮምፒዩተር ተምራ ጨርሳ ሥራ እየፈለግኩ ነው ትለኛለች። ስመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ምግቡ ቀርቦ ይጠብቀኛል። በመሐል ስላለው ሰዓት የማውቀው እርሷ የምትነግረኝን ነው።

ምድር ቤት ሱቅ ያላት ጎረቤቴ የወሎ ሰው ናት። ሙስሊም ናት፣ ደግ ናት፣ የጾም ቀኔን ከእኔ በላይ ታስታውሳለች። የግቢው ሰው መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚገባም ታውቃለች። አንድ ማታ ዘይት ልገዛ ስገባ ስልኳን የስኳሩ ማዳበሪያ ላይ አጋድማ ዘፈን ትሰማለች። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ከጊታር ጋር። በመሐል ያቆምና ያወራል። ይሄ ገና አላለቀም፣ እዚህ ጋ ግጥሙ ይጎድለዋል፣ ታገሱኝ ይላል። ዘፈን ሳያልቅ ይወጣል እንዴ ብላት ሳቀችብኝ። የድሮዎቹ ዘፋኞች ካሴት ቤቱ ሁሉ ሲዘጋባቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው የቀዱትን በቴሌግራም ይለቁታል አለችኝ። ዴሞ ይሉታል። ወጡ ሳይበስል ጨው እንደመቅመስ ነው፣ ወዳጆቻቸው ከምድጃው ላይ ይቀምሱላቸዋል። በነጻ ነው ወይ አልኳት። በነጻ ነው አለች። እሱን ስሰማ ነው ሰውየው ደስ ያላለኝ። በዚያ ዘመን በእኛ ሰፈር ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት እንኳ በነጻ የሚሰጥ አልነበረም።

ሽማግሌው ቀጠለ።

ሜዳ ነው ብለነው ፎቅ ሆኖ ጠበቀን፣
ጥላው ብቻ ተርፎ ፀሐዩ ናፈቀን።

እዚያ ላይ ግጥሙ አለቀና ጊታሩ ብቻውን ቀረ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ገባች። ቃል የላትም፣ ታንጎራጉራለች ብቻ። ከመግባቷ በፊት ትንፋሽ ሳበች፤ ስትስብ አፍንጫዋ ቀጭን ፉጨት አለው። በሕፃንነቷ ትክትክ ከያዛት ወዲህ የቀረባት ነው። ያንን ፉጨት ሃያ ዓመት ከጎኔ አስተኝቼዋለሁ።

«ሰውየው ማን ነው?» አልኳት፣ የስኳር ዋጋ እንደምጠይቅ ሰው አድርጌ።

«አታውቂውም? ከላይሽ ነው እኮ ያለው፣ አራተኛ ፎቅ። ያ ባርኔጣ የሚያደርገው። በጃንሆይ ጊዜ ሆቴል ቤት ሲዘፍን ሴቱ ሁሉ ያብድለት ነበር አሉ።»

«ሴትዮዋስ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ዘይት ሻጭ ነኝ፣ እታለም። ስድስት ሰዓት ላይ ቤትሽ ብትገኚ ኖሮ አንቺ ነበርሽ ለእኔ የምትነግሪኝ።»

ዘይቱን ይዤ ወጣሁ። ግቢው መሐል ቆሜ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ መብራት በርቷል፤ በመስኮቱ ውስጥ ነብር ቁልቁል ያየኛል።

በዚያ ምሽት ዘፈኑን አላነሳሁባትም። እንዴት ዋልሽ አልኳት፣ ማመልከቻ ሳስገባ ዋልኩ አለችኝ። አልጫዋን በላች፣ ዝንጅብሏን ጠጣች። ሻርፑን ስትፈታ አንገቷን አየሁ፣ ምንም የለበትም። ሲዋሹኝ መናደድ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ፍርሃቱ ለንዴት ቦታ አልተወልኝም። በሆዴ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ከሰማሁ መድኃኔዓለምም ሰምቷል።

በማግሥቱ ለኃላፊዬ ጥርሴን አሞኛል ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። በታክሲ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ በባቡሩ። ከፊቴ ሁለት ተማሪዎች አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው ይሰማሉ። የሚሰሙት ልጄን መሰለኝ። ባቡሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ ልጄን የሰካ መሰለኝ። አንደኛው ራሱን ሲያወዛውዝ ተነስቼ ገመዱን ልነቅልበት ምንም አልቀረኝም።

ግቢ ስደርስ ስድስት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ከውሃው ታንከር ጀርባ ቆምኩ። ዘበኛው አየኝና ምን ጠፍቶሽ ነው አለኝ። ድመት አልኩት። ድመት የለንም። ከዚያ ማቡኪያው ቆመ፣ ቀጥሎ የፌሮ መቁረጫው፣ ቀጥሎ መዶሻዎቹ አንድ በአንድ። በሩቅ የባቡሩ ድምፅ ብቻ ቀረ፣ እሱም አለፈ። ሰፈሩ እንዲያ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ልጄ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ፔርሙዟን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ በእያንዳንዱ ፎቅ አየኋት። ከሁለተኛው ተነሳች። ሦስተኛውን አለፈች።

ተከትዬ ወጣሁ። በሩ ተዘግቷል። ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ጊታሩ አለ፣ እርሷም አለች። አንኳኳሁ፣ ማንም አልመለሰልኝም። በቡጢዬ ደበደብኩት።

የከፈተው ራሱ ነው። ባርኔጣ የለውም፣ ራሱ መላጣ ነው፤ ነጠላ ጫማ በካልሲ፣ አንገቱ ላይ ትልቅ ማዳመጫ። ቤቱ በቀን ጨልሟል። መስኮቶቹ ሁሉ ብርድ ልብስ ተሰቅሎባቸዋል። ነብር ያለው ብርድ ልብስ በየሰው ቤት ስላለ ቀረብ ብዬ አየሁት፤ ግራ ጆሮው በካውያ ተቃጥሏል። የእኔው ነው። ልጄን በዓይኔ ስፈልግ የቁም ሳጥኑ በር ከውስጥ ተገፋና ከሰውየው ኮቶች መሐል ወጣች።

እንዲህ ያለ ነገር ያየች እናት የምትለውን ሁሉ አልኩ። አሁን አፌ የሚደግመው ነገር አይደለም። በአባቴ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ አልኩት። ልጄ እማ ተይ፣ እማ ተይ ትላለች፣ እኔ አልሰማትም። እሱ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንደ ዝናብ እስካባራ ጠበቀኝ። ትንፋሼ ሲያልቅ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እህቴ፣ ባዶ ክፍል የተናገርሽውን ይመልሳል፤ ኮት አይመልስም። ለዚህ ነው እዚያ የምትቀመጠው። እኔ ከዚህ ከወንበሩ አልነሳም። የማይክራፎኑ ሽቦ ይኸው፣ ርዝመቱን እዪው።»

አየሁት። ከጠረጴዛው ወርዶ፣ ክፍሉን አቋርጦ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ኮቶቹ የድሮ የመድረክ ኮቶች ናቸው፤ አንገታቸው ያብረቀርቃል፣ ብብታቸው ተልጧል። ነገሩ እንዳለው ይመስላል። ረጅም ሽቦ ግን ሊጠቀለልም ይችላል ብዬ አሰብኩ። እኔ ሽቦ ዓይቼ የማምን ሰው አይደለሁም።

«የእርሷ ድምፅ የተሰጠ ነው» አልኩት።

«ለማን?»

«ለመድኃኔዓለም። በስለት።»

ሰውየው ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ልጄን አያት። ይሄን አልነገርሽኝም አላት። መሬት መሬት አየች። ስልኩን አነሳና በአውራ ጣቱ ይፈልግ ጀመር፤ ጣቱ አልታዘዝ ብሎት ሁለት ጊዜ ሳተው። ሲያገኘው ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝና ተጫነው።

«አጠፋሁት። ከስለት ጋር አልከራከርም፣ እናቴም ተሳይ ነበረች። ግን ልንገርሽ፤ የሰማ ሰው ሰምቷል። ከሰው ጆሮ የማጠፋበት ነገር የለኝም።»

ነብሩን ጎትቼ አወረድኩት። ምስማሩ ከነግድግዳው ተነቅሎ ወጣ። ልጄን በእጇ ይዤ ስወርድ ማቡኪያው መጮህ ጀመረ።

ቤት ገብተን ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ እርሷ አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ነገረችኝ። ሰውየው ደረጃው ላይ አግኝቷት፣ ጣቴ ስልክ አልታዘዝ ብሎኛል፣ ዘፈን መላክ ታሳዪኛለሽ ወይ አላት። ሦስት ወር ስትልክለት ቆየች። አንድ ቀን ግጥም ያልተገኘለት ቦታ ላይ ደርሶ ዝም ሲል፣ እርሷ ስልኩን እንደያዘች ሳይታወቃት አንጎራጎረች። ድገሚው አላት። ሰዎች ይህቺ ማን ናት ብለው ጻፉ። በቃ ይሄው ነው አለች። አንድ ቀን እጄን እንኳ አልነካም አለች። መሻከሩስ አልኳት። የሲሚንቶ አቧራ ነው፣ ዝንጅብሉንም ያስለመደኝ ሽማግሌው ነው አለችኝ። ከእንግዲህ አትወጪም አይደል ስላት ቀና ብላ አየችኝ።

«ስለቱን የተሳልሽው አንቺ ነሽ፣ እማ። አንቺ ዘምሪው።»

ከዚያ ሁሉንም ተወች። ወደ አራተኛ ፎቅ አልወጣችም፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም አልሄደችም። ከመዘምራኑ ሁለት ልጆች ሊጠይቋት መጡ፣ አሞኛል አለቻቸው። አልተጣላችኝም፣ አላኮረፈችኝም። ዕቃ ታጥባለች፣ ቀይ ወጥም ትበላለች። ስታጥብ ግን አፏ ዝግ ነው። ቤቴ በእርሷ ማንጎራጎር የተሞላ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። በመጥረጊያው ላይ፣ በሽንኩርቱ ላይ፣ ጸጉሯን ስትሠራ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር ለካ። አሁን የማቡኪያው ጩኸት ነው ያለው፣ እሱ ሲቆም ምንም የለም። ድምፅዋ ጠራ። ቢጠራስ፤ የምትናገርበት እሺና አይ ለማለት ብቻ ነው።

መጠርጠሬን ግን አልተውኩም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከቦሌ ለባለሱቋ ጎረቤቴ እደውላለሁ። ወጣች? አልወጣችም። ሰውየውስ ወረደ? አልወረደም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ስልኩን ዘግቼ መስታወቱን ስወለውል በውስጡ የማየው የፈራች ሴት ፊት ነው። ልጄ እንዲህ ሆና እንዳለች ብትቀርስ እላለሁ። ባለቤቱ ቢወስደው ኖሮ ከዚህ በምን ይለይ ነበር?

አንድ ማታ ጎረቤቴ ከሱቋ ጠራችኝ። ሽማግሌው ያንን ዘፈን እንደገና ቀድቶ ለቆታል፣ ስሚው አለችኝ። አልሰማም አልኳት። ስሚው አለችኝ። ሜዳ ነው ብለነው አለ፣ ጥላው ብቻ ተርፎ አለ፣ ከዚያ ጊታሩን አቆመና ተናገረ። እዚህ ጋ አንዲት ድምፅ ነበረች፣ ባለቤቷ ወሰዳት፣ ቦታዋን አልሞላውም አለ። ከዚያ ዝም። ዘፈኑ ይሄዳል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ድምፅ የለም። የዚያ የስድስት ሰዓት ጸጥታ ብቻ ነው ያለው፣ ክፍሉ፣ ኮቶቹ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ክፍል ነው። ጆሮዬን አቁሜ የጠበቅኩበትን፣ ሁለት ጊዜ።

ጎረቤቴ ከሥሩ የተጻፈውን ታነብልኝ ጀመር። እኔ መሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩት፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ስለቅም መጀመሪያው ይጠፋብኛል። ዕድሜ ይስጥልን ያለ አለ። ሹፌር ነኝ፣ መንገድ ላይ እሷን ነበር የምሰማው ያለ አለ። የት ሄደች የሚሉ ብዙ ናቸው። አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ቃል ብቻ ጽፏል፤ ሞተች እንዴ።

«ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

«ምኑን አውቃለሁ። ስም የለውም፣ የአበባ ሥዕል ነው ያለው።»

«ጻፊልኝ» አልኳት። «አልሞተችም በዪ። እናቷ ነኝ በዪ።»

ጻፈችው። ልላከው ወይ ብላ ጣቷን አንስታ ጠበቀችኝ። ላኪው አልኳት። ወዲያው ስልኩ ትንትን ማለት ጀመረ። ምን እንደሚሉ አልጠየቅኳትም። እናቷ ከሆንሽ ለምን ዝም አሰኘሻት የሚል እንደሚኖር ገምቻለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቁም ሳጥኑንም ጭምር። ሰሙኝና አንድ ነገር ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ስትሳዪ ከአፍሽ የወጣው ቃል ምን ነበር፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪኝ አሉኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት ትዝ አለኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ስናገረው የኖርኩት ቃል ያ ቃል አልነበረም። የተሳልኩት እንዲህ ብዬ ነው፤ ብቻ ታልቅስ፣ ስታለቅስ ልስማት፣ ጥላ አስገባለሁ። አለቀሰች፣ ሰማሁ፣ ክርስትና በተነሳችበት ዓመት ጥላውን አስገባሁ። ስለቱ እዚያው አልቋል።

ሌላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በሰባት ዓመቷ ትምህርት ቤት የመዝጊያ ቀን አዘፈኗት። ስትጨርስ ወላጁ ሁሉ ተነስቶ አያት። አንዷ አስተማሪ ይህቺማ ትልቅ ዘፋኝ ትሆናለች ብላ አቀፈቻት። ያ ሁሉ ዓይን ልጄ ላይ ሲያርፍ በነጠላዬ ሸፍኜ ይዣት ወጣሁ። ሁለት ያለ ድምፅ የሄዱብኝ ሴት ነኝ፤ ይህቺኛዋ ሰው የሚመኘው ድምፅ አላት። እቤት እስክንደርስ የተሰጠ ነው አልኩ። ባለቤት ያለውን ነገር ማንም በክፉ አያየውም ብዬ ነው። ስናገረው ስናገረው ራሴም አመንኩት።

«ልጄ» አሉኝ አባ፣ «መድኃኔዓለምን ዘበኛ አድርገሽ ቀጠርሽው።»

ያላለውን ብሏል በማለቴ ስግደት ሰጡኝ፣ ብዙ። ስለ ዘፈኑስ ብላቸው፣ እሱን እርሷ ራሷ መጥታ ትጠይቀኝ፣ አንቺ የራስሽን ስገጂ አሉኝ። ትዝፈን አላሉኝም፣ አትዝፈንም አላሉኝም።

ለልጄ የነገርኳት ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ፊቷን ሳላይ መንገር ይቀለኛል ብዬ ከጀርባዋ ቆምኩ። ስለ ሁለቱ ሕፃናት ነገርኳት፣ ከዚያ በፊት ሞቱ ብቻ ነበር ያልኳት፣ ስለ ጭጭታው ነግሬያት አላውቅም። ስለ መዝጊያው ቀን ነገርኳት። ቢላው አልቆመም። ስጨርስ ቢላውን አስቀመጠች።

«ጥላው ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀይ። ዘርፉ ቢጫ።»

«አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ» አለችኝ፣ «ለገባ ጥላ አስዘመርሽኝ።»

በአፍንጫዋ ሳቀች። የሳቋን ድምፅ ስሰማ ግድግዳውን ተደገፍኩ። መዝሙሩን ግን አልጠላሁትም አለች ቆይታ፣ ሳትነግሪኝም እሄድ ነበር። የጠላሁት እዳ መሆኑን ነው። ከዚያ ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨመረችና ዝም አለች፤ ዝምታዋ ግን ያኛው አልነበረም።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀኔ፣ ስድስት ሊሆን ሲል፣ ነብሩን ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። ልጄ ፔርሙዟን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። የት ነው አለችኝ። ከአንቺ ጋር አልኳት። ብቻሽን አትገቢም። ደረጃው ላይ ቀድሜ ወጣሁ።

ሽማግሌው በሩን ሲከፍት መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ነብሩን አየ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። እርስዎ ግን አልኩት። እዚህ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ ከተስማሙ እሰየው፣ ካልተስማሙ ይዣት እወርዳለሁ አልኩት። በሩን ለቀቀልኝና ቁጭ በይ፣ ብቻ ወንበሩ ይንቋቋል፣ አትንቀሳቀሺ አለኝ። ለምን ተስማማ ብዬ ደግሞ ጠረጠርኩት።

ብርድ ልብሱን ሊሰቅል ወንበር ላይ ወጣ። ምስማሩ አልያዘለትም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ የታወቀ ነው፣ እንደ በሶ ይፈረፈራል፤ ያንን ቀዳዳ ደግሞ ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ መታ፣ ረገፈ። ውጭ መዶሻዎቹ ማቆም ጀምረዋል። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ምስማሩን ከእጁ ተቀበልኩትና ውረዱ አልኩት። ወንበሩ ላይ ወጣሁ፣ የነብሩን ግራ ጆሮ በቀኝ እጄ፣ ቀኝ ጆሮውን በግራ እጄ አድርጌ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ቦታ አንገቴን ትንሽ ሳዞር የሰውየውም ወንበር ይታየኛል፣ ቁም ሳጥኑም ይታየኛል። እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ልጄ ኮቶቹን ገለጥ አድርጋ ገባች። በሩን ስትስብ ትንሽ ክፍት እንድትተወው በአገጬ አሳየኋት፣ ተወችው።

ማቡኪያው ቆመ። ባቡሩ አለፈ። ሽማግሌው ሳል ብሎ ጊታሩን ነካ። ሜዳ ነው ብለነው አለ። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ የነብሩ አቧራ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቷል፣ ብነጥስ ዘፈኑ ሊበላሽ ነው። ጥላው ብቻ ተርፎ አለ፣ ፀሐዩ ናፈቀን አለ። ጊታሩ ብቻውን ቀረ። ቦታው ደረሰ።

ክፍሉ ጭጭ አለ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ትንፋሼን ይዤ፣ ነብሩን ይዤ፣ ዓይኔን ከሽማግሌው እጅ ላይ ሳልነቅል። ከኮቶቹ መሐል፣ ቀጭን ሆኖ፣ ያ የአፍንጫዋ ፉጨት ተሰማ።